በሁለት ዙር ኬሞቴራፒ መሃል ተሞሸርኩ

አንገቴ ላይ የበቀለችውን እብጠት መጀመሪያ ያገኘቻት እህቴ ሰዓዳ ናት። ደሴ፣ ሰኞ ገበያ ውስጥ ልብስ ትሰፋ ነበርና የኒካሄን ቀሚስ ስትለካኝ ጣቷ አንገቴ ላይ ቆመ። «ዘይነባ፣ ይቺ ምንድን ናት?» አለችኝ። እንደ ሽንብራ ጠንካራ፣ ብትጫናትም የማታመኝ ነገር ነበረች። «ንፍፊት ናት፤ ሰሞኑን ጥርሴን አሞኝ ነበር» ብዬ አለፍኩት።

ዘመኑ ደርግ ነው። እኔ ኮምቦልቻ ውስጥ በጨርቃ ጨርቅ ሥራ ተቀጥሬ፣ ከማሽን ሥር የተበጠሰ ክር እቀጥላለሁ። እጮኛዬ ሙሄ ጥጥ የሚያመላልስ ከባድ መኪና ይነዳል። እናቱ እቴቴ ፋጡማ በደጋን ከተማ ይኖራሉ።

ሽንብራዋ አልጠፋችም። አደገች፤ አጠገቧም ሌሎች በቀሉ። ስተኛ አንሶላዬ በላብ ይርሳል፤ ሰውነቴን ያሳክከኛል፤ ቀን በቀን እከሳለሁ። ሰዓዳ ቀሚሱን አጠበበችው፤ ደግማም አጠበበችው። ከዚያ መርፌዋን አስቀምጣ እጄን ይዛ ሆስፒታል ወሰደችኝ። ሐኪሙ ከእብጠቱ ናሙና ቆርጦ ለምርመራ ወደ አዲስ አበባ ላከ።

ውጤቱ መጣ።

«ካንሰር ነው» አለኝ ሐኪሙ። «ሆጅኪን ሊምፎማ ይባላል።»

ሰዓዳ አለቀሰች። እኔ እንባም አልመጣልኝ።

«ዘይነባ፣ ስሚኝ። ከካንሰሮች ሁሉ ‘በመድኃኒት ይድናል’ ብለን ደፍረን ከምንናገርላቸው አንዱ ይህ ነው።»

መድኃኒቱ ምን እንደሚሠራ ጠየቅሁት። ወንበሩን ወደ እኔ ስቦ አስረዳኝ። «ካንሰር ማለት ‘በቃ’ የሚለው አጥቶ የሚባዛ ሕዋስ ነው። መድኃኒቱ በፍጥነት የሚባዛን ሕዋስ ያጠቃል። ችግሩ፣ የፀጉርሽ ሥርም በፍጥነት ይባዛል፤ የአፍሽና የአንጀትሽ ሽፋንም፣ ደም የሚሠራው መቅኔሽም። መድኃኒቱ ወዳጅና ጠላት አይለይም። ስለዚህ ሰጥተንሽ እናርፋለን። በእረፍቱ ጤነኛው ሕዋስ ያገግማል፤ ካንሰሩ ግን እንደሱ አይችልበትም።»

ለሙሄ ሰው ላክሁበት፤ «ታምሜያለሁ፣ ሌላ ፈልግ» አልኩት። ሥራዬንም ትቼ ደሴ እህቴ ዘንድ ገባሁ።

ኬሞቴራፒው ተጀመረ። ሳይክሎፎስፋሚድና ቪንክሪስቲን የተባሉትን በደም ሥር ይሰጡኛል፤ ፕሮካርባዚንና ፕሬድኒሶሎን በእንክብል እውጣለሁ። ማቅለሽለሹ ከባድ ነበር። የሽንኩርት ሽታ እንኳ ያስታውከኝ ነበር። አፌ ቆሰለ። የጣቶቼ ጫፍ ደነዘዘ፤ ቁልፍ መቆለፍ አቃተኝ። ፀጉሬ በማበጠሪያው ተጠቅልሎ ወጣ፤ ሰዓዳ የቀረውን ላጨችው።

ከዚያ ትኩሳት መጣ። ተንቀጠቀጥኩ። ሰዓዳ ጠራችኝ። መልስ መስጠት አቃተኝ። ጎረቤት ተሸክሞ ሆስፒታል አደረሰኝ። በሽታ የሚከላከለው ነጭ የደም ሕዋሴ ከመድኃኒቱ የተነሣ እጅግ ወርዶ ነበር። «ብትዘገዩ ኖሮ አደጋ ነበር» አለ ሐኪሙ። አንቲባዮቲክ በደም ሥር ጀመሩልኝ። ሲስተር አበባ የምትባል ነርስ ግንባሬን በእርጥብ ጨርቅ እየዳበሰች «አይዞሽ ሙሽራዬ» ትለኛለች። ሙሽራነቴን ማን እንደነገራት እንጃ። ትኩሳቱ ለቀቀኝ።

ወደ ቤት በተመለስኩ ሰሞን እቴቴ ፋጡማ ከደጋን መጡ። በዘንቢል ፓፓያ ይዘዋል፤ ሙሄ ከኋላቸው ቆሟል። እኔ ወደ ጓዳ ልሸሽ ስል ያዙኝ።

«ልጄን ምን በደለሽ ብለሽ ነው የምታሰናብቺው?»

«እቴቴ፣ ይዩኝ እስቲ» ብዬ ሻሼን ፈታሁት።

ራሴን አዩት። ዳበሱት። ከዚያ ሳቃቸው መጣ። «አጃኢብ! የሙሄ አባት እኮ እንዲሁ መላጣ ነበር! ዕድሜ ልኬን አብሬው ስኖር ወላሂ ምን ጎደለብኝ?»

ሰዓዳ ሳቀች፤ ሙሄ ሳቀ፤ እኔም ከታመምኩ ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ ሆዴን ይዤ ሳቅሁ።

በማግስቱ ሁለቱም ሐኪሙ ዘንድ አብረውኝ ገቡ። ሐኪሙ ሳይደብቅ ነገራቸው። «ሠርጉ በሁለት ዙር መሃል፣ ደሟ ሲያገግም ይሁን። ሕክምናው እስኪያበቃ ማርገዝ የለባትም። ከዚያም በኋላ ልጅ ላይመጣ ይችላል።»

ሙሄ ሻርፑን እያሸ «ዶክተር፣ እኔ ያጨሁት እሷን ነው» አለ።

ኒካሁ ታሰረ። ፕሬድኒሶሎን ጉንጬን እንደ ድፎ ዳቦ ነፍቶት ስለነበር ሰው ሁሉ «ሙሽራዋ እንዴት ወፈረችልን!» እያለ ያደንቃል። ሙሽራ አንገቷን ደፍታ ትቀመጣለች እንጂ አትበላም፤ እኔን ግን ያ እንክብል እንደ ጅብ አስርቦኝ፣ ሰዓዳ በሻሼ እየከለለችኝ ሥጋውን ስጎርስ ዋልኩ። ሴቶቹ ከበሮ እየመቱ ሲጨፍሩ፣ እቴቴ ከሁሉም በላይ ሲዘሉ አየኋቸው።

ከሠርጉ በኋላ ኮምቦልቻ ሙሄ ዘንድ ገባሁ፤ የቀሩትን ዙሮችም እሱ ከጭነት መልስ በሐረጎ ዳገት ወደ ደሴ እያወጣኝ ጨረስኩ፤ እብጠቶቹም አንድ በአንድ ከስመው ሐኪሙ ቢዳብስ ቢዳብስ የሚያገኘው አጣ። ፀጉሬ ሲመለስ ድሮ ያልነበረ ጥቅልል ይዞ መጣ። የጣቶቼ ነገር ዘገየ፤ ፋብሪካ ተመልሼ ስንት ጊዜ ክር ሲያመልጠኝ ከቆየሁ በኋላ፣ አንድ ጧት የክሯ ቋጠሮ ከጣቴ ሥር ስትንከባለል ተሰማችኝና ማሽኑ እየጮኸ እኔም እልል አልኩ። ተስፋ በቆረጥንበት ሰዓት ደግሞ ልጃችን ሐያት ተወለደች። አልሐምዱሊላህ።

ለሐኪሙ፣ ለሲስተር አበባ፣ ለሰዓዳ፣ ለእቴቴ አላህ ምንዳቸውን ይክፈላቸው። እናንተ ይህን መንገድ የጀመራችሁ፣ ትኩሳት ከተሰማችሁ አትተኙበት፤ ያኔውኑ ሂዱ። ሳይክሎፎስፋሚድ ሲሰጣችሁ ውኃ በብዛት ጠጡ፤ ፊኛን እንዳያቆስል ነው። መርፌው የገባበት ካቃጠላችሁ ዝም አትበሉ፤ ነርሷን ጥሩ። በመሃል ሲሻላችሁ «ድኛለሁ» ብላችሁ አታቋርጡ። አስታማሚዎችም ማልቀስ ካማራችሁ አልቅሱ፤ ሰዓዳም እያለቀሰች ነው ሾርባ ያጠጣችኝ። ደግሞ ሠርግ ካላችሁ አታስቀሩት፤ ሐኪማችሁን ጠይቁና ቀኑን ቁረጡ።