ፍሬን የሌለው ወንበር

የማሰልጠኛዋ መኪና ሁለት ፍሬን ነበራት፤ አንዱ በተማሪው እግር ስር፣ ሌላው በአስተማሪው። ሰውየው የጎልማሳነት ዕድሜውን የፈጀው በዚያ በሁለተኛው ፍሬን ላይ እግሩን አሳርፎ ነው። ተማሪዎቹ «ፓስተር ፍሬን» ይሉታል። ፓስተር አልነበረም፤ በቤተ ክርስቲያኑ ያለው ኃላፊነት እሁድ ጠዋት ወንበር መደርደር ብቻ ነው። ቅጽል ስሙ የወጣለት ግን ያለ ነገር አልነበረም። የትራፊክ መብራት ቀይ ሲሆንና ተማሪው ፍሪሲዮን ረግጦ ሲቆም፣ እሱ ጉሮሮውን ይጠርጋል።

«ይህ መኪና አሁን ቢገለበጥ፣ ነፍስህ ወዴት ትሄዳለች?»

መሪ ከጨበጠ ሳምንት ያልሞላው ተማሪ ላብ በላብ ሆኖ፣ ዓይኑን ከመብራቱ ሳይነቅል፣ ራሱን ይነቀንቃል። አስተማሪው ይህን እንደ መልካም ምልክት ይወስደዋል። ስለ ኢየሱስ፣ ስለ መስቀሉ፣ ስለ ይቅርታው ይነግረዋል። አረንጓዴ ሲበራ «ሂድ» ይላል፤ ቀጣዩ መብራት ላይ ካቆመበት ይቀጥላል። ለወሬ ያህል አልነበረም። እነዚህ ሰዎች መንጃ ፈቃዳቸውን ከያዙ በኋላ ተመልሰው አይመጡም፤ አንዳቸውም ሳይሰሙ ከእጁ እንዳያመልጡ አጥብቆ ይሰጋ ነበር።

«ዛሬ የአንዱ ልብ ተነካ» ይላታል ሚስቱን እራት ላይ።

«ምን አለህ?»

«ራሱን ነቀነቀ።»

«ታዲያ ፈተና ላይ የምታቀርበው አንተ፣ ፍሬኑ ያለው አንተ ጋ። እኔስ ብሆን ምን ላደርግ ነው? እነቀንቃለሁ እንጂ!»

ይስቃል፤ ጉዳዩን ግን ከሳቁ አያሻግረውም።

የማሰልጠኛው ባለቤት በዕድሜ ልጁ ሊሆን የሚችል ወጣት ነው። አንድ ቀን አስተማሪውን ቢሮው አስጠራውና በሩን ዘጋ።

«ጋሼ፣ ደግሞ ሰው ከሰሰዎት። ‹መንዳት ልማር መጥቼ ስብከት ላይ ተጣድኩ› ይላል። እምነትዎን አልነካሁም፤ እኔም እኮ አምናለሁ። መኪናዬ ውስጥ ግን መሪና ማርሽ ብቻ። ከእንግዲህ አንድ ሰው ቅር ካለው ቁልፉን ተቀብዬዎት እንለያያለን።»

በዚያው ሰሞን የመጣችው ተማሪ አስተማሪውን በጥቂት ዓመት የምትበልጠው ሴት ነበረች፤ ባሏ የሞተባት። ሳይነግራት ቀበቶዋን አሰረች፤ መሪውን ሰው እንዳይነጥቃት ይመስል በሁለት እጇ ያዘች።

«ወሬህን ሰምቻለሁ» አለችው። «መሪ አስይዞ ይሰብካል ይላሉ። እኔ ላይ እንዳትሞክረው፣ ወንድሜ። ባለቤቴ ሲሞት የመጣው ሁሉ ጥቅስ አስታቅፎኝ ነው የሄደው። ‹እግዚአብሔር ያውቃል› ይሉኛል፤ እኔ አፌን ሳልከፍት ይነሳሉ። ማርሽና ፍሬን ብቻ አስተምረኝ።»

«እሺ፣ እትዬ» አለ።

ሥራውን ፈርቶ ነው እሺ ያለው። ሆዱ ግን እሺ አላለም። እስከ ዛሬ ካስተማራቸው ሁሉ ለመንገር እንደዚህች ሴት ያጓጓው ሰው አልነበረም፤ አፉ የተለጎመው ደግሞ ለእሷ ነው።

የመጀመሪያው ቀይ መብራት ላይ ልማድ ሆኖበት ጉሮሮውን ጠረገ። ዞር ብላ አየችው።

«መሐረብ ልስጥህ?»

«አይ፣ አቧራ ነው።»

መስኮቶቹ ተዘግተው ነበር። ሁለቱም ወደ መስኮቶቹ አየት አደረጉ።

ዝምታውን ቀስ በቀስ እሷ ሞላችው። ባሏ መኪናውን ቅዳሜ ቅዳሜ እያጠበ ማንንም አያስነካም ነበር። አስተምርሻለሁ ይላታል፤ ዛሬ ነገ ሲል ዓመታት አለፉ። አንድ ቀን እኩለ ቀን ላይ ኮሪደሩ ላይ ወደቀ።

«ቁልፉን ይዤ ወጣሁ» አለች፣ መብራት ላይ ቆመው። «ገብቼ ተቀመጥኩ። እግሬ ስር ሦስት ነገር አለ፤ የቱ ምን እንደሆነ አላውቅም። ወርጄ ሰው ፍለጋ ሮጥኩ።»

አረንጓዴ በራ። ኋላ ያለው መኪና ጥሩምባውን ነፋ። አስተማሪው «ይሂዱ» አላለም። የሚያጽናና ቃል ምላሱ ጫፍ ላይ ደርሶ ነበር፤ ዋጠው።

«ከዚያስ?» አላት።

«ከዚያማ ጎረቤት ይዤ ስመለስ የለም።» ማርሹን ራሷ አስገብታ ተንቀሳቀሰች።

ከዚያ ቀን ወዲህ አጠገቧ በተቀመጠ ቁጥር ዓይኑን መንገዱ ላይ ተክሎ በልቡ ይጸልይላት ጀመር። ለሌሎቹ ተማሪዎች እንዲህ ጸልዮ እንደሆነ ለማስታወስ ሞከረ። ነግሯቸዋል፤ መጸለዩን ግን አላስታወሰም።

ፈተናውን አለፈች። ወደ ኋላ ስትገባ አንዱንም ምሰሶ አልነካችም። ወጣቱ አለቃ እጁን ጨበጠው፤ «ጋሼ፣ ዝም ሲሉ ለካ እንዲህ ያስተምራሉ!» አለው። ምስጋና ነበር፤ እሱ ግን አልተደሰተበትም። አፉን ዘግቶ ከሸኛት ምን ሠራ?

ጥቂት ቆይታ የባሏን መኪና እየነዳች የማሰልጠኛው በር ላይ መጣች።

«ግባ፤ ቤትህ ላድርስህ» አለችው።

ገባ። አደባባዩ ጋ ሲደርሱ ጠበቅ አድርጋ ስትታጠፍ ቀኝ እግሩ ወለሉን ረገጠ። ምንጣፍ ነው። ትንሽ ቆይቶ ደግሞ ረገጠ። ሴትዮዋ አይታው ሳቀች።

«እዚያ ምንም የለም! ዛሬ እኔን ማመን ነው፣ ወደድክም ጠላህም።»

ቀይ መብራት ያዛቸው።

«በል እንግዲህ» አለች። «ተማሪህ አይደለሁም፤ አለቃህም አይሰማም። ስትውጠው የከረምከውን ተናገር።»

አፉን ከፈተ። ቀድሞ የመጣለት የለመደው ነው፤ ይህ መኪና አሁን ቢገለበጥ። እግሩ አሁንም ምንጣፉን ተጭኖ እንደነበር ታወቀው። የዚያ ሁሉ ተማሪ ራስ መነቅነቅ የፍርሃት እንደነበር ያን ጊዜ ገባው።

«ሲበራ ጥግ ይያዙና ያቁሙ» አላት።

«ምን አጠፋሁ?»

«ምንም። ቁልፉንም ያውጡት። መሄድ ሲያሰኝዎት ያስነሱና እንሄዳለን፤ አልቀየምም።»

ፍሬቻ አሳይታ ከአንድ የተዘጋ ሱቅ ፊት አቆመች፤ የእጅ ፍሬኑን ሳበች፤ ቁልፉን ጭኗ ላይ አደረገች።

«እኔ የጭነት መኪና ሹፌር ነበርኩ» ብሎ ጀመረ። «እናቴ ስታጣጥር ሰው ልከውብኝ መንገድ ላይ መጠጥ ቤት ተቀምጬ ነበር። አልደረስኩም። ከዚያ በኋላ ሳልጠጣ የዋልኩበት ቀን አልነበረም። አንድ ቀን ጎማ ፈነዳብኝና አንድ ጎሚስታ ጋ ቆምኩ። ሰውየው ምንም ሳይናገር ሠራልኝ። ብሎኑን አጠበቀ፣ ክሪኩን አወረደ፣ ‹ጨርሻለሁ፣ መሄድ ትችላለህ› አለኝ። ሞተር ካስነሳሁ በኋላ ነው በመስኮት ‹ፊትህ ከብዶታል፤ ካልቸኮልክ ስለ ጌታ ልንገርህ?› ያለኝ።»

ይህን ታሪክ ቤተ ክርስቲያን ውስጥ ስንት ጊዜ ተናግሮታል። ሰውየው ከመናገሩ በፊት ክሪኩን አውርዶ እንደለቀቀው ልብ ሲል ግን ይህ የመጀመሪያው ነው።

«ታዲያ ሄድክ?»

«ሞተሩን አጠፋሁ። ክርስቶስ እንደኔ ላለው ሰው እንደሞተ ነገረኝ። አመንኩ። እናቴ አልተመለሰችም፤ እኔ ግን ይቅር ተባልኩ።»

ሴትዮዋ ቁልፉን በጣቶቿ አገላበጠች።

«ያን ቀን መንዳት ብችል ይተርፍ ነበር?»

«አላውቅም፣ እትዬ።»

«ሌሎቹ የሚያውቁ ይመስላሉ።»

«እኔ አላውቅም። ጌታን መጠየቅ እንደሚቻል ግን አውቃለሁ። እኔም ስለ እናቴ ስንት ዓመት ጠይቄዋለሁ፤ አንድም ቀን አላባረረኝም።»

መኪኖች በአጠገባቸው ያልፋሉ። ሴትዮዋ በመስታወቱ የኋላውን ወንበር አየችው፤ ባሏ ሳሎን እንደሚያጸዳ ሰው ያጸዳው የነበረውን። ከዚያ ቁልፉን ከጭኗ አንስታ ቦርሳዋ ውስጥ ከተተችው።

«ቀጥል» አለችው።