ጨርቁን አጥፈሽ መልሺ

አያቴ ደሴ ውስጥ ጨርቅ ነጋዴ ነበሩ። ከባድ ነገር ሲጠየቁ የያዙትን ጨርቅ አጥፈው ሳይጨርሱ አይመልሱም። እኔንም ለሥራ ቃለ መጠይቅ ሲያለማምዱኝ ጨርቅ ያስይዙኛል። «መጀመሪያ እጠፊ። ወላሂ፣ ተቻኩሎ መመለስ ያስንቃል» ይሉኛል። ከየቃለ መጠይቁ ስመለስ ሰው ሁሉ «አለፍሽ?» ሲለኝ፣ እሳቸው ብቻ «ምን ጠየቁሽ?» ይሉኝ ነበር።

ኮምቦልቻ ካለ አንድ ፋብሪካ ለቃለ መጠይቅ በተጠራሁበት ዕለት፣ አያቴ ንጋት ላይ አረፉ። ከቀትሩ የዙሁር ሶላት በኋላ ቀበርናቸው።

ፋብሪካው በድጋሚ ጠርቶኝ ትናንት ሄድኩ። የመጀመሪያው ጥያቄ «ባለፈው ለምን ቀረሽ?» የሚል ነበር። የሻሼን ጫፍ ጭኔ ላይ አጠፍኩ። አጥፌ ጨረስኩ። ዘርግቼ እንደገና አጠፍኩ።

ደሴ ስመለስ ቤተሰቡ በሙሉ «አለፍሽ?» አለኝ። ምን እንደጠየቁኝ የጠየቀኝ የለም።