የሚንተባተበው ድልድይ

አማቷ ዕድሜ ልካቸውን መንገድ ሲቀይሱ ስለኖሩ ሰፈሩ የሚያውቃቸው «ቀያሹ» እያለ ነው። ጡረታ ሲወጡ የቀየሷቸውን መንገዶች ታሪክ ሊጽፉ ተነሡ። ምራታቸው ፕሮግራም ሠሪ ናትና የመሥሪያ ቤቷን የጽሑፍ ፕሮግራም ኮምፒውተራቸው ላይ ጫነችላቸው። የፕሮግራሙን የኪቦርድ ክፍል የሠራችው ራሷ ስለነበረች ኩራቷ ለጉድ ነበር።

አንድ እሑድ ከባሏ ጋር ሊጠይቋቸው ሲሄዱ ኮምፒውተሩን ጨርቅ ለብሶ አገኘችው።

«አባባ፣ መጽሐፉ አለቀ እንዴ?»

«ተይው ልጄ፣» አሉ ቀኝ እጃቸውን ኪሳቸው እየከተቱ። «እርጅና ብቻውን አይመጣም። እጄ ከዳኝ። ድልድይ ልጽፍ ስል ድድድድልድይ ይላል። መንተባተብ የማውቀው በአፍ ነበር።»

ባሏ ሳቀ፤ እሷ አልሳቀችም። እጃቸው መንቀጥቀጥ መጀመሩን ቤተሰቡ ያውቃል፤ ደፍሮ ያነሣው ግን የለም። ቢሆንም ነገሩ ከነከናት። ጨርቁን ገፍፋ ጽሑፉን ከፈተች። ገጹን ወደ ታች ስታንሸራትተው ኮረኮንች ላይ እንደሚሄድ ጋሪ እየተንገጫገጨ ወረደ። እየወረደ ሳለ አንድ ቁልፍ ነካ አድርጋ ለቀቀች። ፊደሉ ተደረደረ፤ ያውም በእሷ ጤነኛ ጣት።

ወዲያው ገባት። ገጹ በማንሸራተትም ሆነ በመጻፍ ንቅንቅ ባለ ቁጥር ፕሮግራሙ የሚታየውን ብቻ ሳይሆን መላውን መጽሐፍ እንደ አዲስ ይስላል። በዚያ ሲጠመድ ጣት ከቁልፉ መነሣቱን ዘግይቶ ይሰማል፤ እስኪሰማ ድረስ እንደተጫኑት ቆጥሮ ፊደሉን ይደጋግማል። እሷ የሞከረችው በአጭር ጽሑፍ ስለነበር አልታያትም።

«አባባ፣ ጥፋቱ የእኔ ነው እንጂ የእጅዎ አይደለም።»

«ልታጽናኚኝ ነው?»

«ልጅዎ ይሞክረውና ይዩ።»

ባሏ ሞከረ፤ እሱንም አንተባተበው። ቀያሹ እጃቸውን ከኪሳቸው አወጡ።

ሳምንቱን ሙሉ ስህተቱን ስታስተካክል ሰነበተች። ፕሮግራሙ ስክሪኑ ላይ የሚታዩትን መስመሮች ብቻ እንዲስል፣ ከሁሉ በፊት ደግሞ ጣትን እንዲሰማ አደረገችው። በሚቀጥለው እሑድ ገጹ እንደ ውኃ ፈሰሰ። ቀያሹ አጠገባቸው አስቀምጠዋት መጻፍ ጀመሩ። ፊደሎቹ አንድ በአንድ ወጡ። ቆይቶ ግን አንዱ ተደገመ። ሁለቱም አዩት።

«ይኼኛው የኔ ነው፣» አሉ ቀያሹ፣ ፊደሉን አጥፍተው።

«ቁልፉ ፊደል ከመድገሙ በፊት ትንሽ እንዲታገስ ላደርገው እችላለሁ።»

«አድርጊው እንግዲህ።» ጣቶቻቸውን ኪቦርዱ ላይ እንዳሳረፉ ጥቂት አሰቡ። «ሐኪም ዘንድም አድርሺኝ። ሲመችሽ።»