ዳጉ የማይደርስባት ድንጋይ

ጠመኔ ሲሸተኝ እስከ ዛሬ አፌ ይደርቃል። ሰመራ ከምሠራበት ቢሮ ጀርባ ትምህርት ቤት አለ፤ ከሰዓት በኋላ ዳስተር ሲያራግፉ ሞቃቱ ነፋስ ብናኙን በመስኮት ያስገባዋል። ያኔ ተመልሼ አዋሽ ከተማ ነኝ፣ ስምንተኛ ክፍል።

ጂኦግራፊ የሚያስተምረን ከደጋ የመጣ ሰው ነበር። አንድ ሰኞ፣ ጣሪያችን በሙቀት ሲንጣጣ፣ በሰሜን ውቅያኖስ መሃል ያለች አንዲት ድንጋይ ሰሌዳው ላይ ሳለልን። ከትምህርት ቤታችን ሜዳ ታንሳለች። አፈር የላት፣ የሚጠጣ ውኃ የላት፤ ማዕበሉ አናቷን አልፎ ይሄዳል። ጀልባ የሚጠጋበት ዳር ስለሌላት ከባሕር ወፍ በቀር የሚያርፍባት የለም።

አጠገቤ የምትቀመጠው የአፋር ልጅ እጇን አወጣች። "ቲቸር፣ የየትኛው ጎሳ ናት?"

ክፍሉ ሳቀ። እሷ ግን የምሯን ነበር፤ በአገሯ ጎሳ የሌለው ድንጋይ የለም።

"የማንም አይደለችም። ሰው የለባትም።"

"ታዲያ እዚያ የደረሰ ሰው ዳጉ ከማን ይሰማል?"

ዳጉ፣ አፋሮች መንገድ ላይ ሲገናኙ ቁጭ ብለው ያዩትንና የሰሙትን ሳይጨምሩ ሳይቀንሱ የሚነጋገሩበት ልማድ ነው። እዚያ ላይ መዋሸት ትልቅ ነውር ነው። መምህሩ ፈገግ ብሎ "አይሰማም" አላት።

ወደ ቤት ስንመለስ "ሐሙስ ወደ ጭፍራ ይወስዱኛል፤ ለአጎቴ ልጅ ሊድሩኝ ነው" አለችኝ። "ለቲቸር ንገሪልኝ፤ እኔ አፍራለሁ።" መምህሩ ከዚያ በፊት ሽማግሌ ይዞ ሄዶ ሁለት ልጆችን ከትዳር አስቀርቷል።

አልነገርኩትም። ክፋት አልነበረም። ከአፍ ከወጣ አፋፍ ነው፤ አዋሽ ውስጥ ደግሞ ወሬ ከመኪና ይፈጥናል። እስካሁን ሰምቶታል ብዬ ተውኩት።

በሚቀጥለው ሰኞ መምህሩ ስሟን ጠራ። "የት ናት?"

"ተዳረች። የሰሙ መስሎኝ ነበር" አልኩት።

"እኔን ማን ቁጭ አድርጎ ይነግረኛል?" አለና ወደ ሰሌዳው ዞረ።

ማልቀስ ነበረብኝ፤ ምንም አልተሰማኝም። አሁንም አይሰማኝም፤ የሚያስፈራኝም እሱ ነው።

አምና ያቺ የክፍል ጓደኛዬ የልጇን የልደት ወረቀት ልታስጨርስ ቢሮዬ መጣች። ፊት ለፊቴ ተቀምጣ ዳጉዋን ነገረችኝ፤ አምስት ልጆች ወልዳለች፣ ፍየሎቿ በድርቁ አልቀዋል፣ እናቷ ሞታለች። ከዚያ ተራው የኔ ሆነ።

"ያኔ ለቲቸር ነግረሽው ነበር?"

"ነግሬዋለሁ" አልኳት።

"ወላሂ፣ ይመጣል ብዬ ሦስት ቀን በሩን ሳይ ነበር" አለች። "ያን ሰው እስከ ዛሬ ይቅር አላልኩትም።"

ማኅተሙን አሳርፌ ወረቀቱን ሰጠኋት።