በጫካው መቅደስ ደጃፍ የማልኩት

መነሻ

ከቀራንዮ ስነሣ ሁለት ጉዳይ ይዤ ነበር። አንደኛው የመንግሥት ነው፤ ለሳይንስ መምህራን ስልጠና ወደ ደቡብ ህንድ ተልኬያለሁ። ሁለተኛው የአቶ ናራያን ነው። አቶ ናራያን በትምህርት ቤታችን ሒሳብ የሚያስተምሩ ህንዳዊ ሲሆኑ፣ ከመድኃኔዓለም አጥር ሥር ቤት ተከራይተው ይኖራሉ። የአገራችን ድርቅ በዓለም ቴሌቪዥን ከታየ ወዲህ እናታቸው «ልጄ በረሃብ ሞቷል» ብለው ቆርጠዋል። ደብዳቤ ሲላክላቸው «ሌላ ሰው የጻፈው ነው»፣ ፎቶ ሲላክላቸው «የድሮ ነው» ይላሉ። አሁን ደግሞ እውነቱን እስካላወቁ ወደ ቤታቸው ላይመለሱ፣ በጫካ ውስጥ ካለ ጥንታዊ የሂንዱ ቤተ መቅደስ ገብተው ተቀምጠዋል።

የአቶ ናራያን አማርኛ ወንድና ሴት አይለይም። «እናቴ ሌሊት ሙሉ ያስላል» አሉኝ አውሮፕላን ጣቢያ ሊሸኙኝ መጥተው። «ምግብ እንቢ ይላል። እኔ ፈቃድ የለም። አንተ እኔን በዓይን ያየህ ሰው ነህ። ሂድ፣ ንገረው።» በዚህ አነጋገር ሌላ ጊዜ እንስቅ ነበር፤ የዚያን ቀን ግን አልሳቅንም።

ወደ ጫካው

በመጀመሪያው የዕረፍት ቀን የአቶ ናራያን የእኅት ባል ጎፓል ሊወስደኝ መጣ። ጎፓል የአውቶቡስ ትኬት ቆራጭ ነው፤ እንግሊዝኛውም ጥሩ ነው። ውሃ የተኛበትን የሩዝ ማሳ እያቋረጥን ስንጓዝ ቆይተን፣ አስፋልቱ ሲያልቅ ከአውቶቡስ ወርደን ተራራውን በእግር ጀመርን።

እንዲህ ያለ ደን አይቼ አላውቅም። የዛፎቹ ጫፍ አይታይም። ዝናቡ ካባራ በኋላ እንኳ ከቅጠል ወደ ቅጠል ሲወርድ ይሰማል። መሬቱ ደግሞ አልቅት ነው! ሱሪዬን ስሰበስብ ቁርጭምጭሚቴ ላይ ሦስት ተጣብቀው አገኘሁ።

«የእኛ አልቅት እንግዳ ይወዳል» አለ ጎፓል ጨው እየነሰነሰልኝ። «እኔን ዞር ብሎም አያይም።»

መንገዱ ሲታጠፍ ቤተ መቅደሱ በድንገት ከፊታችን ቆመ። ቀና ብዬ አየሁት። ጥቁር ድንጋይ እንደ እንጨት ተፈልፍሎ፣ ከሥሩ ዙሪያውን የዝሆን ሰልፍ ተቀርጾበታል። አንዱ ኩምቢውን ጠቅልሏል፣ አንዱ የፊተኛውን ጅራት ይዟል፣ ተመሳሳይ ሁለት አላገኘሁም። አንድ ትልቅ ዛፍ የሕንፃውን ማዕዘን በሥሩ አቅፎታል፤ ዛፉ ሕንፃውን ይደግፍ እንደሆነ ወይም ሕንፃው ዛፉን አይለይም። ድንጋይ መሆኑን ያመንኩት በእጄ ዳስሼ ነው።

አሠራሩን ላስረዳ። ልክ እንደ ቤተ ክርስቲያናችን በሦስት ይከፈላል። ሕዝብ የሚቆምበት ባለ ዓምድ አዳራሽ አለ፤ ቀጥሎ ጠባብ መተላለፊያ፤ በመጨረሻ ካህኑ ብቻ የሚገባበት ጨለማ ክፍል። በዚያ ክፍል አንዲት የዘይት መብራት ብቻ ትታያለች። ጫማችንን አውልቀን አዳራሹ ድረስ ገባን። ድንጋዩ ከእግሬ ሥር ይቀዘቅዝ ነበር።

አሮጊቷ ከአንዱ ዓምድ ሥር ተቀምጠዋል። ትከሻቸው አጥንት ብቻ ነው። ጎፓል ከልጃቸው ትምህርት ቤት የመጣሁ መምህር መሆኔን ሲነግራቸው ቀና ብለውም አላዩኝ።

«ስንት አጽናኝ ታመጣብኛለህ?» አሉት። «እውነቱን ከሆነ በዚህ በር ፊት ይማል።»

ጎፓል ተርጉሞልኝ፣ «በል፣ ማልላቸው፤ ቀላል ነው» አለኝ።

«አልችልም።»

«ውሸት ነው እንዴ?»

«እውነት ነው! ግን የእኔ አምላክ አይደለም።»

«አልችልም» ያልኩበትን ድምፅ ብቻ ሰምተው ገባቸው መሰለኝ፤ ጎፓል ሳይተረጉም በነጠላቸው ፊታቸውን ሸፈኑ። «አየህ? መማል ፈራ» አሉ። «ልጄ ሞቷል።» ማልቀስ ጀመሩ። ድምፅ የለውም፤ ትከሻቸው ብቻ ይርገበገባል። ሳሉም ተከተለ።

ያን ጊዜ እንግሊዝኛው ሁሉ ከአፌ ጠፋ። «ኧረ ቀራንዮ መድኃኔዓለምን!» ብዬ ጮህኩ በአማርኛ። «ኧረ አለ እማማ! መድኃኔዓለምን አለ! ልጅዎ ራሱ ነው የሸኘኝ!» ድምፄ በዓምዶቹ መካከል ዞሮ ተመለሰ። በሰፈራችን ሰው ሲምል የአጥቢያውን ታቦት ይጠራል፤ በስሙ ዋሽቶ በደጁ የሚያልፍ የለም።

ነጠላውን ዝቅ አደረጉ። «ምን አለ?»

«በአገሩ አምላክ ማለ» አላቸው ጎፓል።

«ያ አምላክ የት ነው ያለው?»

«ከልጅዎ ቤት አጥር ማዶ» አልኩ።

ትኩር ብለው አዩኝ። «ሲጠራው ድምፁ ተንቀጠቀጠ» አሉ ለጎፓል። ወደ እኔም ዞረው፣ «ልጄ ምን ይበላል?»

«ሽሮ፤ በርበሬ በደንብ አድርጎ።»

«በርበሬ!» ብለው ተቆጡ። «ሆዱን ያመዋል ብዬ ከልጅነቱ ጀምሮ ስንት ጊዜ ነግሬዋለሁ!»

እንዳመኑኝ ያወቅኩት በዚህ ነው፤ የሞተ ልጅን ማንም አይቆጣም። ወዲያው ሩዝ ጠየቁ። ከሰዓት በኋላ ጎፓል ደግፏቸው ወደ ቤት ወረድን። ከሣጥናቸው ቀይ ሐር፣ ጠርዙ ወርቃማ የሆነ የሠርግ ልብሳቸውን አወጡና እጄ ላይ አስቀመጡት። «ልጄን ለሚጠብቀው ጎረቤቱ» አሉ።

መመለስ

ከዚህ ጉዞ ስለ ድንጋይ ቅርጽና ስለ ደን ብዙ ተምሬያለሁ፤ ለተማሪዎቼም በሰሌዳ ሥዬ አሳይቻለሁ። ሰውን ለማሳመን ግን ማስረዳት እንደማይበቃ እዚያ አዳራሽ ውስጥ ነው የገባኝ፤ ሥራዬ ማስረዳት ነውና አልረሳውም።

ሐሩን፣ የመንግሥት መምህር ስለት ሲያስገባ የቀበሌ ሰዎች እንዳያዩ በጋዜጣ ጠቅልዬ፣ ከአቶ ናራያን ጋር ወደ ቀራንዮ መድኃኔዓለም ሄድን። እርሳቸው ከበሩ ውጭ ቀሩ። የደብሩ አለቃ ጨርቁን ዘርግተው አዩት።

«ለመጋረጃ ይሆናል። የማን ስለት ነው?»

«የአንዲት እናት፤ ከህንድ።»

«የተጠመቀች ናት?»

«አይደሉም፣ አባቴ።»

አለቃው ወርቃማውን ጠርዝ በጣታቸው ዳሰሱ።

«ምን ለምና ነው?»

«ልጄ በሕይወት ይኑር ብለው።»

«አለ?»

«አለ። በሩ ላይ ቆሟል።»

አለቃው ወደ በሩ አዩ። ከዚያም ጨርቁን በጥንቃቄ አጠፉትና፣ «ታዲያ ምን ትጠይቀኛለህ? ስለቷ ሰምሯል» ብለው ይዘውት ገቡ።