አባዬ ፔዳል ስቲል ጊታር የሞከረበት አርብ

ባለፈው ሳምንት ከዱባዩ አል ሙራቃባት ሰፈር ወደ ቤቴ ስመለስ፣ ከታክሲው ሬዲዮ አንድ የጊታር ድምፅ ከአንዱ ኖታ ወደ ሌላው ሳይቆረጥ እየተንሸራተተ፣ አልቅሶ እንደወጣለት ሰው ረጅም ትንፋሽ ሲስብ ሰማሁና ሹፌሩን «እባክህ ከፍ አድርገው» አልኩት። ዘፈኑን አላውቀውም። መሣሪያውን ግን አውቀዋለሁ፤ ልጅ ሆኜ ከሥሩ ምንጣፍ ላይ ተንጋልዬ እሰማው የነበረ መሣሪያ ነው።

ያኔ የምንኖረው ከዱባይ አጠገብ፣ ሻርጃ ነበር። አባዬ ዱባይ ውስጥ በአንድ ሆቴል የጥገና ክፍል ኢንጂነር፣ እማዬ ደግሞ የባንክ ሠራተኛ ነበሩ። አባዬ ሳምንቱን ሙሉ የሆቴሉ ሰው ነበር፤ አርብ ሲመጣ ግን ጊታሩን አንግቦ፣ እማዬንና እኔን አስከትሎ፣ አጅማን ጋሽ መስፍን ቤት ይሄድ ነበር። ጋሽ መስፍን ከአዲስ አበባ ጀምሮ የአባዬ ጓደኛ ሲሆን ኪቦርድ ይጫወታል። ከቤቱ ጓሮ ባለች ክፍል ውስጥ ሙዚቃ የሚወዱ ሐበሾች ይሰበሰቡና፣ ማንም ማንንም ሳያዝዝ፣ እንደመጣላቸው አብረው ይጫወቱ ነበር። ይህንን ጃም ይሉታል። እኔ ጃም የማውቀው ዳቦ ላይ የሚቀባውን ስለነበር፣ መጀመሪያ አካባቢ አርብን የምጠብቀው በሌላ ጉጉት ነበር።

አንደኛ ክፍል ልገባ ስል፣ ሙቀቱ በረታና የበር እጀታ እንኳ የሚያቃጥልበት ወር ላይ፣ የሆቴሉ ጣሪያ ላይ ያለ የማቀዝቀዣ ማሽን ቺንጋ የአባዬን ግራ እጅ ያዘው። ሐኪሞቹ ጣቶቹን አተረፉለት፤ ፋሻው ሲፈታ ግን የመሐል ጣቱና የቀለበት ጣቱ አልታጠፍ አሉ። አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ አልጋው ጫፍ ላይ ተቀምጦ ጊታሩን ሲሞክር በበሩ ስንጥቅ አየሁት። ክሮቹን ደህና አድርጎ መጫን ስላልቻለ ድምፁ ይነዝራል እንጂ አይጠራም። ጥቂት ታግሎ ሲያበቃ ጊታሩን በሳጥኑ ውስጥ አስተኝቶ ቁም ሣጥኑ ላይ ሰቀለው።

ከዚያ ወዲህ አርብ አርብ ቤት መዋል ጀመረ። ጋሽ መስፍን ሲደውል፣ ሶፋው ላይ እንደተጋደመ «ዛሬ ሹግል አለብኝ» እያለ በዐረብኛ ሥራ ያመካኝ ነበር። ስልኩ ሲዘጋ እማዬ እሱን ታየዋለች፤ እሱ ቴሌቪዥኑን ያያል።

ሙቀቱ አልፎ መስኮት የሚከፈትበት ወር ሲመጣ፣ እማዬ ለማሰፋት የሰጠችውን ቀሚስ ልትቀበል ዱባይ፣ ሳትዋ ሰፈር ወደሚገኝ ልብስ ሰፊ ሄደች። ስትመለስ ቀሚሱን አልያዘችም ነበር። ጫማዋን እንኳ ሳታወልቅ አባዬ ፊት ቆመች።

«ዳኜ፣ ከልብስ ሰፊው አጠገብ ጊታር የሚጠግን ሽማግሌ ህንዳዊ አለ። ጠረጴዛ የሚመስል ጊታር ሲጫወት አየሁት። ግራ እጁ ብረት ይዞ ክሩ ላይ ይሄዳል እንጂ ጣቶቹን አያጥፍም። ዋላሂ፣ በዓይኔ ነው ያየሁት።»

«ሙሉ፣ እባክሽ የማይሆን ተስፋ አታምጪብኝ።»

«ሄደህ እየው፤ ካየኸው በኋላ እምቢ በል።»

ቅዳሜ ሦስታችንም ሄድን። ፔዳል ስቲል የሚባለው መሣሪያ በእግሮቹ የቆመ፣ ከላይ ክሮች የተወጠሩበት፣ ከሥሩ ደግሞ በእግር የሚረገጡ ፔዳሎችና በጉልበት የሚገፉ ዘንጎች ያሉት ነበር፤ ፔዳሉ ሲረገጥ የክሩ ድምፅ ይወጣል ወይም ይወርዳል። ሽማግሌው አባዬን አስቀመጠውና፣ ጠባሳውን አይቶ እንዳላየ ሆኖ፣ ለስላሳና ከባድ ብረት መዳፉ ላይ አኖረለት። አባዬ ክሩን መታና ብረቱን ገፋ። የወጣው ድምፅ፣ እውነቱን ለመናገር፣ በጣም አስቀያሚ ነበር። አባዬ ግን ሳቀ። ማሽኑ እጁን ከያዘው ወዲህ እንደዚያ ሲስቅ ሰምቼው አላውቅም ነበር። ሽማግሌው «ካልሆነልህ ትመልስልኛለህ» ብሎት መሣሪያውን ይዘነው ተመለስን።

ብርዱን ወራት በሙሉ ቤታችን በዚያ ድምፅ ተሞላ። ቀኝ እጁ ክር ይመታል፣ ግራው ይንሸራተታል፣ እግሮቹ ይረግጣሉ፣ ጉልበቶቹ ይገፋሉ፤ አንዱ ሲሳካለት ሌላው ይጠፋበታል።

«ይሄ ጊታር አይደለም፣ መኪና ነው» ይላል አባዬ።

«እንግዲያው ሰው እንዳትገጭበት» ትላለች እማዬ።

እኔ ከመሣሪያው ሥር ተኝቼ፣ ሲረግጥ ወዲያ ወዲህ የሚሉትን ቀጫጭን ብረቶች እያየሁ፣ የትኛው ክር እንደተሳበ ከታች እጮህለት ነበር። አንድ ጊዜ የጎረቤታችን ሚስት በር አንኳኩታ፣ ድመታችን ታማ እንደሆነ በትሕትና ጠየቀችን። ድመት አልነበረንም።

በመጨረሻ አንድ አርብ አባዬ መሣሪያውን ፈታቶ መኪናው ላይ ጫነ። የአጅማንን መንገድ ስንይዝ፣ ዓይኑን ከመንገዱ ሳይነቅል «ዛሬ ካልሆነ ኸላስ፣ ለሽማግሌው እመልስለታለሁ» አለ።

ክፍሉ ሞልቶ ጠበቀን። ሁሉም መሣሪያውን ከበው እየነካኩ አደነቁና፣ ሞቅ ያለ ዘፈን ተጀመረ። አባዬ ሁለት ጊዜ ዘግይቶ ገባ፤ ብረቱ ከሚፈለገው ቦታ አልፎ ሄደ፣ ሊመልሰው ሲል ዜማው ጥሎት አለፈ። ከበሮ መቺው ዓይኑን መሬት ላይ ተከለ። ጋሽ መስፍን «አዲስ ዕቃ ነው፣ ይለመዳል፣ ያላ እንደገና!» አለ። እንደገና ተጀመረ፤ የባሰ ሆነ። አባዬ ቀኝ እጁ ላይ እንደ ጥፍር የሚጠለቁትን ክር መምቻዎች አንድ በአንድ ማውለቅ ጀመረ።

በዚህ መሐል ነው አስቴር ከበሩ አጠገብ የተነሳችው። አስቴር ዱባይ፣ አል ዋርቃ ሰፈር ውስጥ ሰው ቤት የምትሠራ፣ አርብ አርብ ስትፈቀድላት ለመዝፈን የምትመጣ የጎንደር ልጅ ነበረች።

«ጋሽ ዳኜ፣ አይነሱ» አለችው። «ከበሮውም ኪቦርዱም ይቆይ። እኔ ቀስ ብዬ ላንጎራጉር፣ እርስዎ ይከተሉኝ።»

«ብስትብሽስ?»

«እኔም እስታለሁ። ማዳም ቤት ስዘፍን የሚያርመኝ የለ!»

ሰዉ ሳቀ፤ አባዬም ፈገግ ብሎ መምቻዎቹን መልሶ አጠለቀ። አስቴር ወንበር ስባ ፊት ለፊቱ ተቀመጠችና በትዝታ ቅኝት፣ ያለ ምት፣ በቀስታ ጀመረች። መጀመሪያ አባዬ ከኋላዋ እንደሚያነክስ ሰው ይከተላት ነበር። ቆይቶ ግን ዓይኑን ከክሮቹ ላይ አንስቶ አፏን ማየት ጀመረ። ድምፅዋ ተሰብሮ ወደ ታች በሚንከባለልበት ቦታ፣ ኪቦርድ ሊደርስበት በማይችለው በኖታና በኖታ መካከል ባለው ቦታ፣ ብረቱ ተንሸራቶ አብሯት ወረደ። አስቴርም ይህ ሲሆን ተሰምቷት፣ ያንኑ ስንኝ ደገመችለት። እሷ ስትጠይቅ እሱ ሲመልስ፣ እሷ ስትጀምር እሱ ሲጨርስ ቆዩና፣ በመጨረሻ ድንገት ዝም ብላ መንገዱን ለቀቀችለት። አባዬ ብቻውን ሄደ። የማይታጠፉት ጣቶቹ ብረቱን እንደያዙ በክሮቹ ላይ ቀጥ ብለው ይታዩኝ ነበር። እማዬ እጄን እስኪያመኝ ጨብጣኝ ነበር፤ እኔም አመመኝ አላልኳትም።

ሲያበቃ ጋሽ መስፍን ቀድሞ ተነፈሰና «አንተ ሰውዬ፣ ይሄን ሁሉ ጊዜ የት ነበርክ?» አለው።

«ሹግል ነበረብኛ» አለ አባዬ።

አባዬና እማዬ ጡረታ ወጥተው አዲስ አበባ ገብተዋል፤ እኔ ደግሞ ሥራዬ እዚሁ ዱባይ ሆኖ በየዓመቱ እጠይቃቸዋለሁ። አባዬ ስመ ጥር ተጫዋች አልሆነም፤ ጣቶቹም አልታጠፉም። ያኔ እሱ መሣሪያው ፊት ሲቀመጥ፣ ይሳካለት ይሆን እያልን እማዬም እኔም የያዝነውን አስቀምጠን፣ ትንፋሻችንን ይዘን ነበር የምናዳምጠው። ዛሬ ማንም ሥራውን አያቆምም። እሱ ሳሎን ሆኖ ሲጫወት፣ እማዬ ከውስጥ ስልክ እያወራች «ዳኜ፣ ቀንሰው እንጂ፣ የሚሉኝን አልሰማሁም!» ብላ ትጮኻለች፣ እሱም እሺ ይላትና አይቀንስም፤ እኔም ከሁለቱ መሐል ቁጭ ብዬ ጋዜጣ አነባለሁ።