የብራዚሉ ሰውና የአባቱ መስኮት

ሰው አንድ ጊዜ ተናግሮ በኋላ የሚያጥፈውን ቃል ከመጀመሪያውም ባይናገረው ይሻላል ብዬ ነው የኖርሁት። ልጆቼንም ያሳደግሁት በዚሁ ነው። ይህ እምነቴ በአንድ ብራዚላዊ የፊልም ዳይሬክተር ምክንያት የሰፈር መሳቂያ ሆኗል። ሳቁ ስለሚገባኝ ሳልደብቅ እጽፈዋለሁ።

ያን ጊዜ ሥራዬ አሜሪካ፣ ሚኒሶታ፣ ሴዳር ሪቨርሳይድ በሚባለው ሰፈር ካሉት ረጃጅም ፎቆች የአንዱን ቦይለር መጠበቅ ነበር። ቦይለር ማለት ቤዝመንት ውስጥ ተቀምጦ፣ ውሃ እያፈላ ፎቁን በሙሉ የሚያሞቅ የብረት በርሜል ነው፤ ግዙፍነቱ ሚኒባስ ያህላል። እሳቱን የሚነፋው በርነር ሲነሣ ጆሮ ያደነቁራል። ትምህርቴ ከስምንተኛ ክፍል አላለፈም። ላይሰንሱን ያወጣሁት ማኑዋሉንና መዝገበ ቃላቱን ጎን ለጎን ዘርግቼ፣ በአንድ ገጽ ላይ ሦስት ቀን እየዋልሁ ነው። ስለዚህ በትምህርት የሚቀልድ ሰው አልወድም። ፊልም ደግሞ በትምህርት መቀለድ ይመስለኝ ነበር።

ልጄ ዩኒቨርሲቲ ሁለተኛ ዓመት ሳለች፣ ነርስ ልትሆን ነው ብዬ ለሰው ሁሉ አውርቼ ጨርሻለሁ። አንድ እሁድ፣ ምሳ ቀርቦ እጃችንን ከታጠብን በኋላ እሷ ሳትቀመጥ ቀረች።

«አባዬ፣ ነርሲንጉን ልተወው ነው። ፊልም መማር እፈልጋለሁ። እስከ መጋቢት መጨረሻ ዲፓርትመንት መምረጥ አለብኝ። አንተ እሺ ካላልክ ግን አልመርጥም።»

«ምን ልትሆኚ? አክተር?»

«ኖ! ዳይሬክተር። ከብራዚል የመጣ አስተማሪ አለን…»

«ከብራዚልማ የሚመጣው ኳስ ተጫዋች ነው» አለች ባለቤቴ፣ ነገሩን ለማብረድ።

እኔ አልበረድሁም። «አባቴ ይሙት፣ ፊልም የሚባል ነገር የዚህን ቤት ደጃፍ አይረግጥም!» አልሁ። ልጄ ባዶ ሳህኗን ይዛ ወደ ኩሽና ተመለሰች። እኔ ምሳዬን በላሁ፤ ምን እንደበላሁ ግን አላውቅም።

በሳምንቱ፣ አፍንጫ የሚያደርቅ ብርድ በነበረበት ቀን፣ የቦይለር ክፍሉ በር ተንኳኳ። ስከፍት ልጄ ናት። ከኋላዋ ስድሳ ዓመት የሚሆነው አጭር ሰው ካሜራ እንደ ሕፃን ታቅፎ ቆሟል። ኮት በኮት ላይ ደርቧል፤ ጫማው ግን የሸራ ነው።

«አባዬ፣ አስተማሪዬ ነው» አለችኝ ቶሎ ቶሎ። «መጀመሪያ ክላስ የገባ ቀን ‹በዚህ ብርድ ይህን ሁሉ ሰው የሚያሞቀው ማነው?› ብሎ ጠየቀን። ሌሎቹ ጋዝ ካምፓኒው ምናምን አሉ። እኔ ‹አባቴ› አልኩት። ላየው አለ።»

እንግዳ ከደጅ አይመለስም። አስገባኋቸው።

የሰውየው እንግሊዝኛ እንደኔው በእጅ የሚታገዝ ነበር። የጎደለንን ልጄ ትሞላለች። ይህን ሥራ፣ ያን አቁም አላለኝም። የቀለም ባልዲ ገልብጦ ተቀመጠና ሁለት ሰዓት ሙሉ ዝም ብሎ አየኝ። መለኪያውን አነበብሁ፣ መዝገቡ ላይ ጻፍሁ፣ ወለሉን ጠረግሁ። ፊልሞቹ ሁሉ የሚሠሩት እንዲህ መሆኑን በኋላ ነው የሰማሁት፤ ጨው የሚያመርቱትን፣ መረብ የሚጠግኑትን ሴቶች፣ ተዋናይ ያልሆነውን ሰው ሁሉ ተቀምጦ ይጠብቀዋል። ካሜራውን መቼ እንደከፈተው አላወቅሁም።

ኋላ፣ «ለልጅህ የምትመክራትን እዚሁ ምከራት» አለኝ።

እንዲህ ያለ ጥያቄ የሚጠይቀኝ ሰው ስጠብቅ ነው የኖርሁት። ቦይለሩን ከኋላዬ አድርጌ ቆምሁና ሩብ ሰዓት ያህል መከርሁ። ሙያ ማለት ሰው ሲበርደው የሚያስፈልግ ነገር ነው፤ ነርስ ያስፈልጋል፤ ቦይለር ጠባቂ ያስፈልጋል፤ የፊልም ሥዕል ግን ማንንም አያሞቅም፣ አልሁ። ጥሩ ንግግር ነበር።

ስጨርስ፣ ድምፅ ስትቀዳ የቆየችው ልጄ የጆሮ ማዳመጫውን አወለቀች።

«አባዬ፣ ገና ስትጀምር በርነሩ ተነሣ። ሰምተኸዋል አይደል፣ አውሮፕላን ነው የሚያክለው። ድምፅህን በላው። አንድ ጊዜ ትደግመዋለህ?»

«ለምን እደግማለሁ? የተናገርኩት ውሸት ነበር?»

«ውሸት አላልኩም፣ ድምፁ…»

«ቃሌ አንድ ነው። የሰማ ሰምቷል።»

«ማን ሰማ? እኔ ራሴ አልሰማሁም!»

ሰውየው ምን እንዳልሁ ጠየቃት። ስትነግረው ባልዲው ላይ እስኪወዛወዝ ሳቀና፣ «አባቴ ሚኒሶታ ነው ያለው ለካ!» አለ።

ከፔርሙዙ ሻይ ቀዳሁላቸው። ሰውየው ብርጭቆውን በሁለት እጁ ይዞ ታሪኩን ነገረን።

አባቱ ሥጋ ሻጭ ነበሩ። እሱ ትምህርቱን አቋርጦ በአንድ ትንሽ ከተማ ሲኒማ ቤት ፊልም የሚያሽከረክር ሠራተኛ ሆነ። ፊልሙ ሲበጠስ በሙጫ ይቀጥላል። አንድ ቀን ሠላሳ ክንድ ያህል ተቃጠለበትና ቆርጦ ጥሎ ሁለቱን ጫፍ አገናኘ። ሰዉ መጨረሻው ላይ ተሰብስቦ መጣበት፤ «አባትየው የት ገባ?» እያለ። የተቆረጠው፣ አባትየው ተሰናብቶ የሚሄድበት ኖሯል። «ፊልም መሥራት ያን ቀን ተማርሁ፤ ሌላ አስተማሪ አልነበረኝም» አለ።

ብርጭቆዬን አስቀመጥሁ። ለካ እሱም የማኑዋልና የመዝገበ ቃላት ሰው ነው።

«ፊልም ልሠራ ነው ስለው አባቴ ማለ» ብሎ ቀጠለ። «‹በዚህ በር አትገባም!› አለኝ። ዘጠኝ ዓመት አልገባሁም።»

«ቃል ማለት እንዲህ ነው» አልሁ። ልጄ አየችኝ።

ቤታቸው ግን ወደ መንገድ የሚከፈት ሰፊ መስኮት ነበረው። እናቱ ምሳውን በመስኮት ታቀብለዋለች፤ እሱ ውጭ ቆሞ ይበላል። ሁለት ሦስት ወር ቆይቶ አባትየው ወንበራቸውን ወደ መስኮቱ አስጠጉ። ስለ ሥጋ፣ ስለ ዝናብ፣ ስለ ኳስ ያወራሉ፤ ስለ በሩ አያነሡም። የመጀመሪያ ፊልሙን የሠራው በዚያው መስኮት በኩል፣ ከመንገድ ቆሞ ነው። አባቱ እንዳላየ ሆነው ቢላዋ ሲስሉ፣ ሥጋ ሲመዝኑ። ያ ፊልም ስሙን ከአገሩ አልፎ አስጠራው።

«አባትህ አዩት?»

«አየው። ‹ቢላዋዬን የደነዘዘ አስመሰልኸው› አለኝ።»

ከዚያ ወታደሮች አገሩን ያዙ። ውሃ ለመቅዳት ስለሚሰለፉ ሰዎች የሠራውን ፊልም አይተው፣ «ሰልፉን አሳጥረው» አሉት። «ሰልፉ የእናንተ ነው፤ እናንተ አሳጥሩት» ብሎ ሥራ ፈትቶ ተቀመጠ። እኔ በወጣትነቴ ለስኳር ስንት ሰዓት ተሰልፌ እንደነበር ትዝ አለኝና ሻይ ትን አለኝ።

በመጨረሻ አባትየው ታመሙ። አልጋቸው ላይ ሆነው ጠሩት።

«ግባ እንጂ!»

«በየት?»

«በመስኮት ነዋ! በበር አትገባም አልኩ እንጂ በመስኮት መች አልኩ?»

ዳይሬክተሩ ያን ጊዜ ሆዱ ገፋ ያለ፣ የታወቀ ሰው ነው። ግማሹ ገብቶ ግማሹ ውጭ ቀረ። ጎረቤት ተጠርቶ ከኋላ ገፍቶ አስገባው። ይህን ሲነግረን ልጄ ሳቁ አሸንፏት መተርጎሙን ተወችው። ከዚያ እሁድ ወዲህ ስትስቅ ማየቴ ነበር።

ቤት ገብቼ መሐላዬን እንደ ማኑዋሉ ቃል በቃል አነበብሁት። የዚህን ቤት ደጃፍ፣ ነው ያልሁት። አንድ ሌላ ነገርም አገኘሁ፤ ደስ የማይል ነው፣ ግን እውነት ነው። የተቆጣሁት ለልጄ እንጀራ ሰግቼ ብቻ አልነበረም። ነርስ ትሆናለች ብዬ ላወራሁላቸው ሰዎች ምን እላለሁ ብዬ ነው። አባት ለወሬው ብሎ ልጁን ማስከፋት የለበትም።

በማግሥቱ ቁርስ ላይ፣ «አንቺ ልጅ፣ ዩኒቨርሲቲው የእኔ ቤት ነው?» አልኋት።

«ኖ…»

«እንግዲያው እዚያ የሚገባውን ፊልም የምከለክለው ማን ሆኜ ነው? ሂጂ ምረጪ። እዚህ ግን አይገባም። ቃሌ ቃል ነው።»

ልጄ ማንኪያዋን እንደያዘች ቀረች። «ካሜራዬስ? መኪና ውስጥ ላሳድረው?»

«ይበርደዋል። ቦይለሩ ጋ አሳድሪው።»

«አንተ ሰውዬ!» አለች ባለቤቴ። «ሌላው በበር ይታረቃል፣ አንተ በመስኮት!»

ፊልሙ በግንቦት አለቀ። ቆርጣ የቀጠለችው ልጄ ናት፤ ሰውየው ወደ አገሩ ተመልሷል። ቤቴ ስለማይገባ አንድ ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ የፎቁ ሰው ቦይለር ክፍል ወረደ። ቦይለሩ ለበጋው ጠፍቶ ጸጥ ብሏል። ክፍሉ መስኮት ስለሌለው በቀንም ጨለማ ነው። አንሶላ ሰቀልን። ከስድስተኛ ፎቅ የወረደው ኦሮሞ ጎረቤታችን፣ ታክሲ ነጂው፣ ገና ሳይቀመጥ «ጋሼ፣ በዚህ ሲኒማ ፋንዲሻ የለም?» አለ።

አንሶላው ላይ እጄ መጣ፣ መለኪያው መጣ፣ መጥረጊያዬ መጣ። ከዚያ እኔ ራሴ ጣቴን ቀስሬ መጣሁ። አፌ ይንቀሳቀሳል፤ የሚሰማው የበርነሩ ጩኸት ብቻ ነው።

«ምን እያሉ ነው ጋሼ?» አለ ከተመልካቹ አንዱ።

«ድምፅ ጨምሩ እንጂ!»

«ድምፅ የለውም» አለች ልጄ ከፕሮጀክተሩ አጠገብ። «ቃሉ አንድ ነው፤ እሱንም በርነሩ በላው።»

ክፍሉ በሳቅ ተናወጠ። እኔ ተነሥቼ አንሶላው አጠገብ ቆምሁ። እያንዳንዱን ቃል አስታውሰዋለሁ። ልጄ የበርነሩን ድምፅ ዝቅ አደረገችልኝ፤ እኔ ከአፌ ጋር አብሬ መናገር ጀመርሁ። «ሙያ ማለት ሰው ሲበርደው የሚያስፈልግ ነገር ነው…» ስለ ነርሷ፣ ስለ ቦይለር ጠባቂው አልሁ። ሥዕል ማንንም አያሞቅም የሚለው ላይ ስደርስ ሰዉን አየሁት። ቦይለሩ ጠፍቷል፤ ሰዉ ግን ትከሻ ለትከሻ ተጠጋግቶ፣ ሞቅ ብሎት፣ የሳቅ ዕንባውን ይጠርጋል። አንሶላው ላይ ያለው ሰውዬ ተናገረ። እኔ አልተናገርሁም።

«ምነው ዘለሉ ጋሼ?» አለ ታክሲ ነጂው። «እዚህ ጋ ምን ነበር?»

«ስህተት ነበር።»

«አባዬ!» ልጄ ካሜራዋን እየፈለገች በሰው እግር መሃል ትሮጣለች። «አባዬ፣ ቆይ! አሁን ያልከውን ትደግመዋለህ?»

ሦስት ጊዜ ደገምሁት። ሦስተኛው ያስፈለገው፣ በሁለተኛው ላይ ታክሲ ነጂው አስነጥሶብን ነው።